እናቴ የግፊት መድኃኒቷን የምትወስደው ራሷን ሲያማት ብቻ ነው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። እናቴ 62 ዓመቷ ነው፤ አዲስ አበባ ነው የምትኖረው። እኔ አሜሪካ ነኝ። ደም ግፊት እንዳለባት ከታወቀ ሦስት ዓመት ሆነ። አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም እና ኢናላፕሪል 10 ሚሊ ግራም በቀን አንድ አንድ ጊዜ ታዞላታል። እሷ ግን ራሷን ሲያማት ብቻ ነው የምትውጠው። «ደህና ስሆን ምን ያደርግልኛል? ሱስ ያስይዛል» ትላለች። ጾም ሲገባማ ጭራሽ ታቆማለች። ለጉልበቷ ዲክሎፌናክ ትወስዳለች። ጎረቤቷ ደግሞ በባዶ ሆድ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት አስጀምራታለች። ካለፈው ወር ጀምሮ እግሯ ያብጣል፣ ደረቅ ሳልም አላስተኛት ብሏል። ጨንቆኝ እዚህ የሚታዘዘውን ሊዚኖፕሪል በሰው ላኩላት። ከሌላው ጋር ትጀምረው? መድኃኒቷን በደህና እንድትወስድስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከጥያቄሽ መጨረሻ ልጀምር፤ እሱ ለነገ የሚባል አይደለም። ሊዚኖፕሪሉን እንዳይጀምሩት። ዛሬውኑ ደውይና «እማዬ፣ የላኩልሽን እንዳትነኪው» በያቸው።

ሊዚኖፕሪል መጥፎ መድኃኒት ሆኖ አይደለም። ወንድሙ ቤታቸው ስላለ ነው። እኛ አገር የአባት ስም ከኋላ ነው የሚመጣው፤ የመድኃኒትም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ነው። መጨረሻው «ፕሪል» ከሆነ የአንድ አባት ልጅ ነው፤ ኢናላፕሪል፣ ሊዚኖፕሪል፣ ካፕቶፕሪል፣ ራሚፕሪል። «ሳርታን» ብለው የሚያልቁት፣ እነ ሎሳርታንና ቫልሳርታን፣ የአጎት ልጆቻቸው ናቸው። ሥራቸው በጣም ስለሚቀራረብ ከፕሪሎቹ ጋር አንድ ላይ አይሰጡም። «ዲፒን» የሚሉት ሌላ ቤተሰብ ናቸው፤ አምሎዲፒን እዚያ ነው። «ኦሎል» የሚሉት፣ እነ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል፣ ደግሞ ሌላ። ሁለት ፕሪል አብሮ ሲዋጥ ግፊቱ ከሚገባው በታች ሊወርድ፣ ኩላሊት ሊጎዳ፣ ደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም ሊጨምር ይችላል። ፖታሲየም ሲበዛ የልብ ምት ያዛባል። ይሄ ደግሞ የሚቀለድበት አይደለም።

አንድ ጊዜ ተመላላሽ ክፍል የመጡ እናት ትዝ ይሉኛል። ከተቀመጡበት ሲነሱ ያዞራቸዋል። ቤተክርስቲያን ደረጃ ላይ ወድቀው ክንዳቸው ተልጧል። «ምን ምን ይወስዳሉ?» ስላቸው «የግፊቴን ነዋ፤ የጠዋቷንና የማታዋን» አሉኝ። የያዙትን ፌስታል ጠረጴዛዬ ላይ እንዲዘረግፉት ለመንኳቸው። ሁለት ፓኬት ወጣ። አንዱ ውስጥ ያለው ክብ ነጭ ክኒን ነው፣ ሌላው ረዘም ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ። ሁለቱም አምሎዲፒን 10 ነበሩ! አንዱ ከጤና ጣቢያ፣ አንዱ ከግል ክሊኒክ። ፋብሪካው ሲለያይ መልኩም መጠሪያውም ይለያያል። እሳቸው ሁለት የተለያየ መድኃኒት መስሏቸው ጠዋትና ማታ ሲውጡ ከርመዋል። ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም። ሁለት ቦታ ተቀምጠን ጽፈን፣ «ሌላ የሚወስዱት አለ?» ብለን ያልጠየቅነው እኛ ነን።

ስለዚህ ለእናትሽም የመጀመሪያው ሥራ ፌስታሉን መዘርገፍ ነው። በቪዲዮ ደውይ። ቤት ያለው መድኃኒት ሁሉ ይውጣ፤ ጎረቤት የሰጠቻቸው፣ አምና የተረፈው፣ ቅባቱም ሳይቀር። ፓኬቱ ላይ በትልቁ የተጻፈው ብዙ ጊዜ ፋብሪካው ያወጣለት መጠሪያ ነው። ትክክለኛ ስሙ ከሥሩ በትንሹ ነው የሚጻፈው። እሱን፣ ሚሊ ግራሙንና ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን በወረቀት ላይ በአማርኛ ጻፉት። ወረቀቱን በሄዱበት ሁሉ ይያዙት። ጥርስ ሊነቀሉ ቢሄዱም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

«ራሴን ሲያመኝ እወስዳለሁ፣ ሲሻለኝ እተወዋለሁ።» ይሄን በሳምንት ስንት ጊዜ እንደምሰማው ብነግርሽ ይገርምሻል። ሰው ሞኝ ሆኖ አይደለም። ካየው ተነስቶ ነው። ራሱን ያመዋል፣ ክኒኗን ይውጣል፣ ጋደም ይላል፣ ሲነሳ ለቆታል። ክኒኗ ሠራች ማለት ነዋ!

አልሠራችም። አምሎዲፒን ከተዋጠ በኋላ ደም ውስጥ ጫፍ እስኪደርስ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ይፈጅበታል። ሙሉ ጉልበቱ የሚታየው በየቀኑ ተወስዶ ሳምንት ካለፈው በኋላ ነው። ሲወጣም ቀስ ብሎ ነው፤ ግማሹ ብቻ ከሰውነት እስኪወጣ ከ30 እስከ 50 ሰዓት ይወስዳል። እንዲህ ያለ ዝግተኛ መድኃኒት የአንድ ከሰዓት ራስ ምታት አይነቅልም። እናትሽን ያሻላቸው ጋደም ማለታቸው ነው። ኢናላፕሪል ፈጠን ይላል፤ እሱም ቢሆን ሙሉ ውጤቱ የሚመዘነው በሳምንታት ነው።

ደግሞም ግፊት ብዙ ጊዜ ራስ አያሳምምም። ከመጠን በላይ ሲያሻቅብ ሊያሳምም ይችላል። 150 እና 160 ላይ ያለ ሰው ግን ቡናውን ጠጥቶ፣ ሥራውን ሠርቶ፣ ሠርግ ሄዶ ጨፍሮ ይመለሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ዓለም ላይ ግፊት ካለባቸው አዋቂዎች ግማሽ የሚጠጉት እንዳለባቸው አያውቁም። ለምን ይወቁ? አላመማቸውማ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ግን የደም ሥሩ ይደነድናል፣ የልብ ጡንቻ ይወፍራል፣ ኩላሊት ይደክማል። ክኒኗ የምትዋጠው ከአምስትና ከአሥር ዓመት በኋላ ሊመጣ ለሚችለው ስትሮክ ነው። ስትሮክ ሊመጣ ነው ብሎ ደግሞ ራስ ምታት ቀድሞ አያስጠነቅቅም።

ራሳቸውን ሲያማቸው ተለክተው ከፍ ብሎ ቢገኝም ግራ አይግባሽ። ሕመም በራሱ ግፊት ከፍ ያደርጋል። ቅደም ተከተሉ ብዙ ጊዜ እንደሚወራው አይደለም፤ ራስ ምታቱ ቀድሞ፣ ግፊቱ ተከትሎት ሊሆን ይችላል።

ሱስ ስለሚባለው። የግፊት መድኃኒት ሱስ አያስይዝም። ሲያቆሙት ግፊቱ የሚመለሰው መጀመሪያውኑ ያመጣው ነገር ስላልሄደ ነው። እናትሽ መነጽር ያደርጋሉ? ሲያወልቁት ፊደሉ ይደበዝዝባቸዋል። «መነጽር ሱስ አስያዘኝ» ብለው ግን አያውቁም። ይሄን በያቸው፤ ሳቅ ይላሉ፣ ነገሩም ይገባቸዋል።

አንዳንዶቹን መድኃኒቶች ግን በድንገት ማቆም ሌላ አደጋ አለው። «ኦሎሎቹ» በድንገት ሲቋረጡ የልብ ምት ሊፈጥን፣ የልብ ሕመም ያለበትን ሰው ደረቱን ሊይዘው ይችላል። ክሎኒዲን የሚባለውማ ሲቋረጥ ግፊቱ ከበፊቱ በላይ ተስፈንጥሮ ሊወጣ ይችላል። እናትሽ እነዚህን አይወስዱም። ይሄን የሚያነብ ሌላ ሰው ግን ይወስድ ይሆናል።

«ዕድሜ ልክ ነው ወይ?» ለአብዛኛው ሰው፣ አዎ። ክብደት የቀነሰ፣ ጨው የቀነሰ፣ መራመድ የጀመረ ሰው መጠኑ ሊቀነስለት ይችላል። ያ የሚሆነው ግን ተለክቶ፣ ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ ነው።

ጾሙን በተመለከተ፣ እናትሽን ከጾማቸው ጋር አታጣያቸው። አንቺም አሸናፊ አትሆኝም፣ አያስፈልግምም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ፍልሰታና የነቢያት ጾም ሲጨመሩ የዓመቱን ሲሶ ያህል መድኃኒት ሳይወስዱ ሊቀሩ ነው። ሐኪማቸው ሰዓቱን ማታ ቢያደርግላቸው ችግሩ ያልቃል። በቀን አንዴ የሚወሰድ የግፊት መድኃኒት ጠዋትም ማታም ይሠራል። እንግሊዝ ውስጥ ከ21 ሺህ በላይ ሰዎች ተሳትፈውበት በ2022 በፈረንጆች ውጤቱ የታተመ ጥናት ጠዋት የሚወስዱትንና ማታ የሚወስዱትን አነጻጽሮ በድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ)፣ በስትሮክም ሆነ በሞት ልዩነት አላገኘም። ዋናው የማይረሳው ሰዓት መሆኑ ነው። አምሎዲፒንም ኢናላፕሪልም ምግብ ይኑር አይኑር ግድ የላቸውም። ረመዳን ለሚጾሙም ያው ነው፤ ከአፍጥር በኋላ።

ማታ የማይመቸው ሽንት የሚያሸናው ነው፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ላሲክስ። ሌሊት ሽንት ቤት ሲመላለሱ በጨለማ መውደቅ አለ።

ሰዓት ካነሳን አይቀር፣ የውጭ አገር ልጆች አንድ ነገር ልለምናችሁ። ፓኬት ላይ «8» ብላችሁ ጽፋችሁ አትላኩ። አንድ አባት ልጃቸው በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት 8 ለማለት የጻፈላቸውን ከቀኑ 8 ሰዓት ነው ብለው ምሳ በልተው ሲውጡ ኖረዋል። ለግፊት ክኒን ይሄ ብዙም ጉዳት የለው፤ ኢንሱሊን ቢሆን ግን ሌላ ታሪክ ነበር። «ከራት በኋላ» ብለሽ በቃል ጻፊው። ስልካቸው ላይ ማስታወሻ የምትሞይ ከሆነም በእኛ ሰዓት በያቸው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ሙይው።

ዲክሎፌናክ። ደብዳቤሽን ሳነብ ከሊዚኖፕሪሉ ቀጥሎ የደነገጥኩት በዚህ ነው። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ናፕሮክሰን፣ ኢንዶሜታሲን አንድ ወገን ናቸው። ጨውና ውሃ ሰውነት ውስጥ ያስቀራሉ። ግፊት ይጨምራሉ። የኢናላፕሪልን ሥራ ያደክማሉ። ከፕሪል ጋር፣ ይባስ ብሎ ሽንት ከሚያሸና መድኃኒት ጋር ሦስት ሆነው ሲገናኙ ኩላሊትን በቀናት ውስጥ ሊያደክሙ ይችላሉ። «መርፌው ይሻለኛል» የሚሉም አሉ። መርፌም ቢሆን ያው ዲክሎፌናክ ነው። «መድኃኒቱ አልሠራልኝም፣ ጨምርልኝ» ብለው ከሚመጡት ውስጥ ስንቱን ስጠይቅ ምክንያቱን ለጉልበት ወይም ለወገብ የሚወሰድ ማስታገሻ ሆኖ አገኘዋለሁ!

ለጉልበታቸው ፓራሲታሞል ይቅደም። እሱም በልክ ነው፤ በየቀኑ 4 ግራም ሲወሰድ ግፊትን በመጠኑ ከፍ እንደሚያደርግ ታይቷል። ቆዳ ላይ የሚቀባው የዲክሎፌናክ ቅባት ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ስለሆነ ከክኒኑና ከመርፌው የተሻለ ነው። ያም ቢሆን ዝርዝሩ ላይ ይጻፍ። የጉንፋን መድኃኒት ሲገዙም «ግፊት አለብኝ» ማለት አይርሱ፤ አፍንጫ የሚከፍቱት አንዳንዶቹ ግፊት ይጨምራሉ። ዴክሳሜታሶንና ፕሬድኒሶሎንም እንደዚያው። ዴክሳሜታሶን «ለመወፈር» እየተባለ በየቤቱ እንደሚዞር የማናውቅ መሰለሽ?

እግር ማበጥና ሳል። ሁለቱ የተለያየ ነገር ናቸው፤ አንድ ላይ መምጣታቸው አያወዛግብሽ።

እብጠቱን ሊያመጣ የሚችለው አምሎዲፒኑ ነው። ቁርጭምጭሚት ላይ፣ በሁለቱም እግር፣ ወደ ማታ ይብሳል። መጠኑ ሲጨምር እብጠቱም ይጨምራል። ጉዳት ከማድረስ ይልቅ የሚያስጨንቅ ነገር ነው። ግን ዲክሎፌናኩም ውሃ እንደሚያስቀር አትርሺ። ደግሞ አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ፊት ካበጠ፣ ወይም ትራስ ከፍ ሳያደርጉ መተኛት ካቃታቸው ነገሩ ሌላ ነው፤ ልብና ኩላሊት ይታዩ።

ሳሉን ሊያመጣ የሚችለው ኢናላፕሪሉ ነው። ደረቅ፣ ጉሮሮ የሚኮረኩር፣ ሌሊት የሚብስ ሳል የፕሪሎች የታወቀ ጠባይ ነው። መድኃኒቱ ከተጀመረ ከወራት በኋላም ብቅ ሊል ይችላል። የሳል ሽሮፕ አያጠፋውም። ሐኪሙ ወደ ሳርታን ቢቀይረው አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለቃል። እዚህ ላይ ሊዚኖፕሪል መላክሽ ለምን ዋጋ እንደሌለው ታያለሽ፤ ኢናላፕሪል ያሳለውን ሰው ሊዚኖፕሪልም ያስለዋል። አንድ ነገር ግን አደራ። እኛ አገር ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል የቲቢ ምርመራ ሳይደረግለት «የመድኃኒት ነው» ተብሎ አይታለፍም። አክታ ይመርመር።

ከሳልና ከእብጠት ሁሉ የምፈራው ሌላ ነው። ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት በድንገት ማበጥ። እምብዛም አይከሰትም፣ ግን ፕሪል የሚወስድ ሰው ላይ ይመጣል፣ ጥቁር ሕዝብ ላይ ደግሞ ይበዛል። ያኔ መድኃኒቱ ይቆማል፣ ሰውየው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሄዳል፣ ሁለተኛ ፕሪል የሚባል ነገር በአፉ አይዞርም። «እስኪ ይደር» አይባልም፤ እብጠቱ ወደ ጉሮሮ ከወረደ አየር ይዘጋል። በዕድሜ ወጣት የሆነች እህት ይሄን የምታነቢ ከሆነ ደግሞ፣ ፕሪልም ሳርታንም እርግዝና ላይ አይወሰዱም። ልጅ ካሰብሽ ለሐኪምሽ ቀድመሽ ንገሪው፤ ለእርግዝና የሚሆኑ ሌሎች አሉ።

ስለ ፌጦውና ነጭ ሽንኩርቱ ብዙ አልልም። ወጥ ውስጥ እንደሚገባው ያህል ከሆነ ይብሉት። ሽፈራው ሻይም ይጠጡ ካሉ በልኩ ይጠጡ። እኔ የምጣላው በምትክነት ሲመጡ ነው። «ይሄን ከጀመርኩ ክኒኑን ትቼዋለሁ» የምትለዋ ንግግር ስንቱን በቃሬዛ አምጥታብኛለች።

ጸበልም ያው ነው፣ ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው ይሄዳሉ። ልብ ሊባል የሚገባው ብዙ ጠጥቶ ማስመለሱ ነው። የዋጡት ክኒን አብሮ ሊወጣ ይችላል። ሰውነት ውሃ ሲያጣ ደግሞ ፕሪሎቹና የሚያሸኑት ኩላሊት ላይ ይከብዳሉ። ተቅማጥና ትውከት በያዛቸው ቀን፣ ጸበል ቦታም ይሁን ቤት፣ ለሐኪም ደውለው «ዛሬ ልዋጠው ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ለአንድ ሁለት ቀን እንዲቆም ሊነገራቸው ይችላል። መድኃኒት ማቆም ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ ማለት ነው፤ ግን ምክንያቱም ማብቂያውም የታወቀ ሆኖ።

ጨው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንዲት የሻይ ማንኪያ አትሞላም። እናትሽ «ጨው ትቻለሁ» ሊሉሽ ይችላሉ። ሽሮውና በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበት እንደሆነስ? እሱን ጠይቂ። አደራሽን፣ «ለግፊት የሚሆን ጨው» ብለሽ ከዚያ እንዳትልኪ። ብዙዎቹ ፖታሲየም ናቸው፤ ከኢናላፕሪል ጋር ሲደመር ከላይ ወደ ነገርኩሽ የልብ ምት ጉዳይ ይወስደናል።

ልኬት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የተሳሳተ ልኬት የተሳሳተ መድኃኒት ያመጣል። ብዙ ሰው እንዴት እንደሚለካ አይቻለሁ። ከታክሲ ወርዶ፣ ዳገት ወጥቶ፣ ቆሞ፣ የሹራቡን እጅጌ ጠቅልሎ፣ እያወራ። እንዲህ የተለካ ግፊት የእግር መንገዱን ይናገራል እንጂ የሰውየውን አይናገርም። በትክክል ሲለካ እንዲህ ነው፤ ከመለካት በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡና የለም። ሽንት ይሸናል። ወንበር ላይ ጀርባ ተደግፎ፣ እግር ሳይጣመር መሬት ረግጦ፣ አምስት ደቂቃ ዝም ይባላል። ክንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በልብ ከፍታ። የሚጠመጠመው ጨርቅ ባዶ ክንድ ላይ ይታሰራል። ጨርቁ ለወፍራም ክንድ ጠባብ ከሆነ ቁጥሩን ያለ ልኩ ከፍ ያደርገዋል። አንድ ጊዜ ተለክቶ ከደቂቃ በኋላ ይደገማል፣ ሁለቱም ይጻፋሉ።

እናትሽ ከቀጠሮ በፊት ለሰባት ቀን ጠዋትና ማታ፣ መድኃኒት ከመዋጣቸው በፊት ተለክተው ደብተር ላይ ይጻፉ። የመጀመሪያው ቀን ይጣልና የቀሩት ይደመራሉ፣ አማካዩ ይወሰዳል። ቤት ሲለካ አማካዩ ከ135 በ85 በታች ቢሆን ጥሩ ነው። ሆስፒታል ሲለካ ለብዙ ሰው ከ140 በ90 በታች እንፈልጋለን። ስኳር፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ላለበት ደግሞ የላይኛው ከ130 በታች ቢወርድ እንመርጣለን። አንድ ቀን 148 ስላዩ ተጨማሪ ክኒን መዋጥ የለም። አንድ ቀን 118 ስላዩም መዝለል የለም።

ደብተሩ ሌላም ያሳየናል። እናትሽ ሁለቱን መድኃኒት በየቀኑ ወስደው አያውቁም። ስለዚህ መድኃኒቶቹ ይበቋቸው አይበቋቸው ገና ማንም አላወቀም። በተለመደው አያያዛቸው ሄደው «አልወረደም» ቢሉ ሐኪሙ ሦስተኛ ይጨምራል። ሦስቱን ባንድ ጊዜ በየቀኑ መዋጥ የጀመሩ ቀን ግፊታቸው ወርዶ ሊጥላቸው ይችላል። ለዚህ ነው «ዘልያለሁ» ማለት የሚጠቅመው። ሐኪም ከተቆጣም ይቆጣ፤ ቁጣው ከመውደቅ ይቀላል። እኔም ድሮ እቆጣ ነበር። ስቆጣ ጊዜ ሰዎች መዋሸት ጀመሩ፤ ተውኩት።

አንድ ቀን ቢረሱስ? በዚያው ቀን ካስታወሱ ይዋጡት። የሚቀጥለው ሰዓት ከተቃረበ ግን ያለፈውን ይተዉት። «የትናንቱን ጭምር» ብሎ ሁለት ፍሬ አንድ ላይ መዋጥ አይቻልም። ከአልጋ ሲነሱ መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ቁጭ ይበሉ፣ ከዚያ ይቁሙ። በተለይ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት።

መድኃኒቱ ሊያልቅ አሥር ቀን ሲቀረው ነው ፍለጋ የሚጀመረው፤ የመጨረሻዋ ፍሬ ስትቀር አይደለም። ከአንዱ ፋርማሲ ቢጠፋ ከነማ ወይም ቀይ መስቀል ፋርማሲ ይጠይቁ። ባለ 10 ጠፍቶ ባለ 5 ካለ ፋርማሲስቱ ሁለት ፍሬ አድርጎ ይሰጣል። «እሱ የለም፣ ይሄ ያው ነው» ሲባሉ ግን ትክክለኛው ስም ያው መሆኑን ከወረቀቷ ጋር ያመሳክሩ። «ሪታርድ» (ቀስ እያለ የሚለቅ) የሚል የተጻፈበት ክኒን አይሰበርም፣ አይፈጭም። ማስቀመጫውም ምድጃ አጠገብ ወይም መስኮት ላይ አይሁን። ከማሸጊያው አስቀድሞ አውጥቶ ብልቃጥ ውስጥ ማጠራቀምም ይቅር።

ኢናላፕሪል ወይም ሳርታን ሲጀመር፣ መጠኑም ሲጨመር፣ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ የኩላሊትን አሠራር የሚያሳየው ክሪያቲኒንና ፖታሲየም በደም ምርመራ ይታያሉ። ከዚያ ቢያንስ በዓመት አንዴ። እናትሽ በሦስት ዓመት ውስጥ ስንቴ ተመረመሩ? ዲክሎፌናክ ከመውሰዳቸው ጋር አሁን ሳይታይ መቅረት የለበትም።

ለክፉ ቀን። ቁጥሩ 180 በ120 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ደረት ካመመ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ አንድ ጎን ከዛለ፣ አፍ ከተጣመመ፣ ንግግር ከተሳሰረ፣ ዓይን ከጋረደ ወይም ግራ መጋባት ከመጣ፣ ቤት ውስጥ የሚደረግ ነገር የለም። ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። አፍ መጣመምና የእጅ መዛል ሲመጣ ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ይኬዳል። ከነዚህ ምንም ሳይኖር ቁጥሩ ብቻ ከፍ ካለ ግን ቁጭ ብሎ አረፍ ማለት፣ እንደገና መለካት፣ የዛሬው ክኒን ተረስቶ ከሆነ መዋጥ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ማግኘት። ኒፌዲፒን ሰብሮ ምላስ ሥር ማድረግ ድሮ ሐኪም ቤትም ይደረግ ነበር። ግፊቱን በአንዴ ቁልቁል ጥሎ ራሱ ስትሮክና የልብ ሕመም ስለሚያመጣ ቆሟል። አሁንም የሚያደርግ ጎረቤት ካለ አስቁሚ።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት የሚሆነው ይሄ ነው። ሊዚኖፕሪሉ ይቀመጣል። ዲክሎፌናኩ ይቆማል። ሳሉንና እብጠቱን ይዘው፣ ፌስታሉንም ይዘው ሐኪማቸው ጋ ይሄዳሉ። ሐኪሙን «በየቀኑ አልወሰድኩም፣ አሁን ልጀምር ነው፣ ከራት በኋላ ይሁንልኝ» ይሉታል። ኢናላፕሪሉን የመቀየሩ ውሳኔ የእሱ ነው፤ እኔ አላየኋቸውም።

አንቺም እጄ ባዶ አይሁን ካልሽ፣ መድኃኒት ሳይሆን የግፊት መለኪያ ላኪ። ክንድ ላይ የሚታሰረውን፤ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ልኬቱ ብዙ ይዋዥቃል። ከመግዛትሽ በፊት የክንዳቸውን ዙሪያ በሜትር አስለኪ። ደግሞ የእናንተ መብራት 110፣ የእኛ 220 ነው፤ ከማሽኑ ጋር የሚመጣው መሰኪያ እዚህ ሲሰካ እንዳይቃጠል። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራውን ምረጪ።